ተጋላጩ ማን፣ አጋላጩስ ማን?

ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ደቅና የጣና ገዳማት ናቸው። ሐይቁ ዳር ግን ክረምት የሚፈጥራቸው፣ በጋ የሚያጠፋቸው ሌሎች ደሴቶችም አሉ። ከወረታ ወደ ጣና ሲወርዱ የሚገኙት እነ ናበጋና እነ ዋገጠራ፣ ርብና ጉማራ ሲሞሉ በውሃ ይከበባሉ። ትንሽ ከፍ ያለች ቦታ ሁሉ ሰውም ከብትም የተጠጋባት ደሴት ትሆናለች። የደቅ ሰው ደሴተኝነቱን ዓመቱን ሙሉ ያውቀዋል፤ ቤቱንም መጓጓዣውንም ያበጀው ለዚያ ነው። የፎገራ ገበሬ ግን በአንድ ሌሊት ደሴተኛ ሆኖ ሊያድር ይችላል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነው እንዲህ ነበር። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ድሬዳዋን፣ በነሐሴ ደግሞ የኦሞን ዳርቻ ጎርፍ መታ፤ ሁለቱ ቦታዎች ላይ ከ600 የማያንስ ሰው አለቀ። በዚያው ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከምም ተጥለቀለቁ። እንደ ሁለቱ ብዙ ሰው ስላልሞተ እንደ ሁለቱ አልተወራለትም። በ2012 ክረምትም ውሃው ተመልሶ መጣ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እንግዲህ ጥናቱና ሪፖርቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደ ድርሰት ነው የማነበው። የተዋጣለት ድርሰት አይደለም። «ቤቶች ፈረሱ፣ ሰብል ወደመ፣ አባወራዎች ተፈናቀሉ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ባለቤት አለው፤ ጉዳዩ ግን ባለቤት የለውም። ዋናው ቃል ደግሞ «ተጋላጭ» ነው። በአማርኛችን ተጋላጭ ካለ አጋላጭም አለ። ሪፖርቱ ግን የመጀመሪያውን ይቆጥርና ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ያልፋል።

እስቲ እንጠይቅ። ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ ሲወርዱ የታረሰውን ተዳፋት አፈር ይዘው ነው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክምና አፈሩን ያራግፋሉ፤ የወንዙ ወለል በየዓመቱ ከፍ ይላል፣ ውሃውም ከቦዩ ይወጣል። የጣናም ከፍታ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የዝናብ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ መውጫው ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። ይህ ሁሉ የሰው እጅ ያለበት ነገር ነው። «የተፈጥሮ አደጋ» ብለን ስንዘጋው ተፈጥሮ ያልሠራችውን ጭምር እሷ ላይ መለጠፋችን ነው።

«ታዲያ ለምን አይነሱም?» የሚል አይጠፋም። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን ያው ውሃ ነው የሚያበላቸው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ የተስፋፋው ውሃ የሚተኛበት መሬት ስለሆነ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። «አባ፣ ለምን አስቀድመው አይወጡም?» ቢባሉ፣ «ከብቶቼን የት ላግባ ልጄ?» ቢሉ ምን መልስ አለን? የፎገራ ከብት ስም ያለው ከብት ነው፤ ትቶት የሚሄድ ጤነኛ ገበሬ የለም።

ስለዚህ ግምገማ የሚባለው ነገር የፈረሰ ቤት ቆጠራ ብቻ ሊሆን አይገባም። ታንኳ ያለው ማነው? ደጋ ላይ ዘመድ የሌለው ማነው? ባል የሞተባት ሴት ከብቷን ማን ይነዳላታል? ማስጠንቀቂያው ከውሃው ስንት ቀን ቀድሞ ደረሰ? ላይኛው ተፋሰስ ላይ እርከን ማን ሠራ፣ ማንስ አፈረሰው? እነዚህ ጥያቄዎች መጠየቅ ያለባቸው ደግሞ በግንቦት ነው፣ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ መኪናም ሰውም በሚደርስበት ጊዜ። በነሐሴ ከተጠየቁ መልሱን ይዞ የሚመጣው ውሃው ነው።