ሰዓት የሚቆጥረው የደም ምርመራ

ፈረስ የት እንደሚያመው አይናገርም። ከግልቢያ በኋላ እግሩ ተሳስሮ ሲቆም፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ ሽንቱ እንደ ቡና ሲጠቁር ሐኪሙ ደም ይቀዳል። በደሙ ውስጥ የሚለካው፣ በአጭሩ ሲኬ የሚባለው ኢንዛይም በብዛት የሚገኘው በጡንቻ ውስጥ ነው፤ የጡንቻው ሕዋስ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ምርመራው ጊዜን መናገሩ ነው። ሲኬ ከጉዳቱ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፣ ጉዳቱ ከቆመም በጥቂት ቀናት ይወርዳል። ኤኤስቲ የተባለው ሌላው ኢንዛይም ግን ዘግይቶ ይወጣል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጉዳቱ ትኩስ ነው፣ ወይም ገና አልቆመም። ሲኬ ወርዶ ኤኤስቲ ብቻ ከፍ እንዳለ ከቀረ ጡንቻው እያገገመ ሊሆን ይችላል፤ ጉበትም ኤኤስቲ ስለሚለቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌ እንኳ ሲኬን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ እንስሳዎን ሲያስመረምሩ መቼ እንደሠራና መቼ እንደተወጋ ለሐኪሙ ይንገሩ።