ለቀማ

ከዲላ አንድ ልጅ የጊታር ቅጂ ላከልኝ። ልጅ ስል ዕድሜው ወደ ሠላሳ ተጠግቷል፤ ግን ያስተማሩት ሰው ሸበተም አልሸበተም ልጅ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኋላ ተቀምጦ የዴስኩን ጠርዝ በጣቶቹ የሚመታ፣ ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ ተማሪ ነበር። ዛሬ እሱም መምህር ሆኗል። ማታ ማታ እናቱ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ጊታሩን እየተጫወተ ይቀርጻል። ከቅጂው ጋር «ጋሼ፣ ሰምተው እውነቱን ይንገሩኝ» የሚል መልእክት አለበት።

እውነቱን ንገሩኝ የሚል ሰው ያስፈራኛል። ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሌላ ነው። የሆነ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በትዝታ ቅኝት የተሠራ፣ ቃል የሌለው፣ አራት ደቂቃ የማይሞላ ዜማ ነው። አንድ የሳተ ክር የለም፤ አንድ የዘገየ ጣት የለም። እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ልሙጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር ሳይለቅ ቆየት ሲል፣ ከወንበሬ ቀና አልኩ። ወዲያው አለፈ። ሲያበቃ የሰማሁት ነገር ምን እንደነበር ጠፋኝ። ድሮ ፈተና ሳርም አንድም የፊደል ግድፈት፣ አንድም ሐሳብ የሌለበት ወረቀት ሲገጥመኝ የሚይዘኝ ግራ መጋባት ያዘኝ። ከምኑ ላይ ማርክ ይቀነሳል?

ደወልኩለት።

«ስንት ጊዜ ተጫወትከው?»

«አሥራ ስምንት ቴክ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። (አንዱን የቀረጻ ዙር የሙዚቃ ሰዎች «ቴክ» ይሉታል።) «ከዚያ ምርጥ ምርጡን ለቅሜ ገጣጠምኩት። አርባ ምናምን ቦታ ተቆርጧል። አይታወቅም፣ አይደል?»

እውነት ነው፣ አይታወቅም። የተጫወተው ሰውም አይታወቅም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ልጁ ያለው አንድ ማይክ፣ አንድ ሄድፎንና አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ማይኩን የሚያቆመው የጊታሩ አንገት ከሆዱ በሚገናኝበት ትይዩ፣ ከስንዝር ትንሽ ራቅ አድርጎ ነው፤ በቀጥታ ቀዳዳው ላይ ከደቀኑት ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ያጓራል። ግድግዳው ድምፅ እንዳይመልስ ፍራሽ ያቆማል፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። ያም ሆኖ ዲላ ዲላ ናት። ከአዲስ አበባ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አይሱዙው ያጉረመርማል፣ ባጃጁ ይንጣጣል። ዝናብ ከጣለ ቆርቆሮው ከጊታሩ በላይ ይጮኻል። መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ነገር ለነገ ነው። ስለዚህ አንዱን ዙር ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ አድርጎ ማውጣት ዕድል ይጠይቃል። ደጋግሞ ቀርጾ ከየዙሩ የተረፈውን መውሰድ ቅንጦት አይደለም። እስከዚህ ድረስ አልወቅሰውም።

ቤት ውስጥ፣ ለብቻ፣ እየደራረቡ መቅረጽም የሚናቅ ሥራ አይደለም። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣውን «ላቨር» የቀረጸው ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ ስምንት የጊታር ድምፅ፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣ ያውም በዲስክ። እኛም ጋ ኃይሉ መርጊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑንም፣ ሲንተሳይዘሩንም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም ራሱ እየተጫወተ የደራረበው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ የፈረንጅ ጆሮ ሳይቀር ደርሶታል።

ጠቤ ከለቀማው ጋር ነው። ጌዴኦ ውስጥ ለቀማ ቀልድ አይደለም። የቀላው የቡና ፍሬ ካልበሰለው ተለይቶ ይለቀማል፤ ከደረቀና ከተፈለፈለ በኋላም የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ ተባይ የበላው በእጅ ይለቀማል። ደረጃ ሲወጣለት ጥሬው ላይ ጉድለት ይቆጠራል። ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም፤ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይቀመሳል። ቆጠራውን አልፎ ሲኒ ላይ ዝም የሚል ቡና አለ። ደግሞም ከኮቸሬ ጥቂት፣ ከገደብ ጥቂት፣ ከይርጋጨፌ ጥቂት፣ ቆንጆ ቆንጆውን ፍሬ አዋጥቶ አንድ ከረጢት ሞልቶ «ይህ የእገሌ ማሳ ቡና ነው» ማለት አይቻልም። የልጁ ሥራ እንዲህ ያለ ከረጢት ነው። ሦስተኛው ዙር የተቀረጸው ሰኞ ማታ፣ በአዲስ ክር ነው። አሥራ አንደኛው ሐሙስ ነው፤ ክሩ ደንዝዟል፣ ልጁ ደክሟል፣ ማይኩ ሦስት ጣት ያህል ርቋል። ለየብቻ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የአንድ ማታ ልጆች አይደሉም።

«አንተ ራስህ ተማሪዎችህን ሰርዙ፣ ደልዙ፣ እንደገና ጻፉ ስትል አልነበረም?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ስል ነበር። ረቂቁን ሳይቀድ የጨረሰ ደራሲ አላምንም። ጸሐፊ ወደ አንድ አንቀጽ ሃያ ጊዜ ቢመለስ ትጋት ከተባለ፣ ጊታር ተጫዋች ሲመለስ ማጭበርበር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ይህን ነገር ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ አጥብቆ አስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 የኮንሰርት መድረክን ትቶ ስቱዲዮ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ የባኽን አንድ ፊውግ እንዴት እንደቀረጸ ይተርካል። ስድስተኛውና ስምንተኛው ቴክ ሁለቱም እንከን አልነበረባቸውም። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሲሰማቸው ግን ሁለቱም አሰለቹት፤ አንዱ ኮስታራነት፣ ሌላው ፈንጠዝያ በዝቶበት። እናም መጀመሪያውንና መጨረሻውን ከስድስተኛው፣ መካከሉን ከስምንተኛው ወስዶ አጋጠማቸው።

ልብ በሉ፤ ጉልድን ያስቆረጠው ስህተት አይደለም። እጁ ላይ ሁለት ሙሉ አነባበቦች ነበሩ፤ ለአንዱ የጎደለውን ሌላው ውስጥ አገኘው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ሁለት የብራና ቅጂዎችን ጎን ለጎን አድርጎ እንደሚያነብ ማለት ነው። የዲላው ልጅ ግን የቆረጠው በዓይኑ ነው። ድምፁ ላፕቶፑ ላይ ሞገድ ሆኖ ይሣላል፤ ጊዜ እንዲጠብቅለት በሄድፎኑ የሚሰማው ክሊክም እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ከመስመሩ በትንሹ ያፈነገጠውን ምት ዓይን ቶሎ ይይዘዋል፤ እጅ ወደ መቀሱ ይሄዳል። ጆሮ አልተጠየቀም። የትዝታ ግማሽ ሕይወቱ ደግሞ ማፈንገጥ ነው፤ ሐረጉ ሊያልቅ ሲል ማመንታት፣ መተንፈስ፣ ዘግየት ብሎ መግባት። ልጁ በሐረግ ሳይሆን በክሊክ ስለቆረጠ ትንፋሾቹ በሙሉ ወለሉ ላይ ቀሩ። የእጅ ሥራው ግን የሚያስቀና ነው። የክሩ ድምፅ ገና እየሞተ ሳለ ጭራው ላይ ከቆረጡት ጆሮ ወዲያው ይነቃል፤ ስለዚህ አዲሱ ምት ሊያርፍ ሲል ቆርጦ፣ የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ ጋር በጥቂቱ አደራርቦታል። ይህን ያህል ብልሃት!

ሌላም አድርጓል። ድምፁ ሰፋ እንዲል ብሎ ያንኑ ቅጂ ገልብጦ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ጆሮ ላከው። አልሰፋም፤ ሊሰፋም አይችልም። ሁለቱ ፍጹም አንድ ከሆኑ ጆሮ እንደ አንድ ይሰማቸዋል፤ መሐል ላይ ቆመው ጮክ ይላሉ እንጂ። እንዲሰፋ ያንኑ ዜማ እንደ አዲስ ተጫውቶ ሁለተኛውን ዙር በሌላው ወገን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የፀጉር ያህል ይቀድማል፣ የፀጉር ያህል ይዘገያል፣ እዚህ ጠንከር እዚያ ላላ ይላል፤ ስፋቱ የሚመጣው ከዚያች ልዩነት ነው። ልጁ አሥራ ስምንት ዙር ሙሉ ሲያጠፋት የከረመውን ነገር መልሶ በግልባጭ ሊያመጣት ፈለገ።

«እስቲ ዙሮቹን እንዳሉ ላክልኝ» አልኩት።

ዝም አለ። «አጥፍቻቸዋለሁ፣ ጋሼ። ላፕቶፑ ሞላብኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ስምንተኛው ዝናብ ነበረበት፤ አራተኛው ላይ ደግሞ እማዬ ‹ቡና ደርሷል› እያለች በሩን ስትከፍት ገብታለች።»

ያቺን ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያለችውን፣ አውራ ጣቱ የቆየባትን ቦታ ጠየቅኩት። ከየትኛው ዙር ነው የወሰድካት?

«ከአራተኛው» አለኝ። «እሱማ በጣም ጥሩ ነበር፤ እማዬ ገባችበት እንጂ።»

ስልኩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። የታሰቡኝ እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ መነኩሲት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ያ ሁሉ መከራ በነበረበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ እየተጫወቱ፣ እያዜሙ በካሴት ይቀርጹ ነበር። ያ ቅጂ በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ርዕስ ወጥቷል። የደጅ ወፎች ይሰማሉ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፤ ጣታቸው የመቅረጫውን ቁልፍ ሲጫንም ይሰማል። ካሴቱ ሳይጠራ መቆየቱ በጀን፤ ቤቱንም ዘመኑንም የምንሰማው በእነዚያ ኮሽታዎች ነው። ዲላ ያለችው ያቺ ክፍል፣ ያቺ በር፣ ያቺ ቡና ግን የሉም። የእናቱ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

እውነቱን ንገሩኝ ብሎ የለ፤ ነገርኩት። ማይኩን ካቆምክበት ሳታነቃንቅ፣ በአንድ ማታ፣ ሦስት ዙር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተጫወት፤ አንዱንም አታጥፋ፤ ሳምንት አስቀምጠውና ላፕቶፑን አዙረህ በጆሮህ ብቻ ስማ፤ ከሦስቱ አንዱን ምረጥ፤ መጣፍ ካለበትም ጆሮህን ያመመህ ቦታ ላይ ብቻ ጣፍ አልኩት። «እሺ» አለ፤ ቅር እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል። አርባውን ቁርጥ ለማይታወቅ ለማድረግ ስንት ሌሊት እንዳደረበት እሱ ነው የሚያውቀው።

ከአሥር ቀን በኋላ መልእክት መጣ። «ጋሼ፣ ሦስት ዙር ተጫውቻለሁ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ግን መሐሉ ላይ ባጃጅ ያልፋል። ምን ላድርግ?»

ከነባጃጁ ላክልኝ ብዬ ጻፍኩለት።