ሳድሱን ማን ይወስን?

አሰላ ላይ ለመዘምራን ኖታ የሚጽፍ ሰው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ከፊቱ አይጠፉም። እኔ የምሠራው ሊሊፖንድ በተባለ የኖታ ሶፍትዌር ነው። ዜማውን በፊደልና በቁጥር ይተይቡለታል፣ ገጹን እሱ ያሰናዳል። በ1996 እ.ኤ.አ. ሁለት ኔዘርላንዳውያን የጀመሩት ነው፤ ነፃ ነው፣ ደከም ባለ ላፕቶፕም ይሠራል።

አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ግራ ሲገባው አይጠይቅም፣ መርጦ ያልፋል። እያንዳንዱ ኖታ ከቀደመው አንጻር በሚነበብበት በአንጻራዊው አጻጻፍ ከዶ ቀጥሎ ሶል ብለው ሶሉን ከታች ያስቀምጠዋል፤ ቁልቁል አራት፣ ሽቅብ አምስት ነውና ቅርቡን ይወስዳል። ላይኛውን ሶል የምፈልግ ከሆነ ነጠላ ጥቅስ መጨመር አለብኝ። ከረሳሁት ከዚያ በኋላ ያለው ዜማ ሁሉ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ገጹ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከወሳኝ ኖታዎች ኋላ የእኩል ይሆናል ምልክት አስከትላለሁ፤ ኦክታቩ ካልገጠመ ያስጠነቅቀኛል።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያለው ፊደላችን ውስጥ ነው። «ክብር»ን ውሰዱ፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። በአንድ ኖታ ይዘመራል? በሁለት? መዝሙሩ ሲረዝም «ር»ም ድምፅ አግኝታ ሦስት ትሆናለች። ሶፍትዌሩ ሦስቱንም ይቀበላል፤ አንድ የቃል ክፍል ካበዛሁበት የስንኙ ቀሪ ቃል ሁሉ አንድ ኖታ ይዘገያል። መጥበቅና መላላቱም አይጻፍም። «ገና» ስትጠብቅ በዓሉ ናት፤ ያኔ የ«ገ»ን ኖታ አሳጥሬ «ና»ን አስጠብቃለሁ፣ ይህንንም የምወስነው እኔ ነኝ።

በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞው የላቲን ፊደል፣ የተጻፈ ግጥም እዚህ ላይ ያሳርፋል፤ የጠበቀው ተነባቢም ረጅሙም አናባቢ ተደግሞ ይጻፋል። ሁድሃ የሚባለው የቁቤ ምልክት ግን ያው ነጠላ ጥቅስ ነው፤ በኖታ ክፍል ኦክታቭ ከፍ ያደርጋል፣ በግጥም ክፍል ፊደል ነው። የግጥም ክፍል መሆኑን ማሳወቅ ከረሳሁ ሶፍትዌሩ ይጮኻል፤ ይህን እወድለታለሁ።

ሁሉን የማይጽፍ ፊደላችን ብቻ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ የድጓው ምልክትም፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት አስያዙት የሚባለው፣ ከቃል የተቀነጨበ ፊደል ነው። ዜማውን በቃሉ ለያዘ ተማሪ ያስታውሳል እንጂ ላልተማረ አይነግርም፤ መምህሩ አጠገቡ አለና። የእኔ ፋይል ግን መምህር የለውም፤ የሚከፍተው ማን እንደሆነም አላውቅም።

ለዚህ ነው በፐርሰንት ምልክት የሚጀምሩ መስመሮችን የማበዛው፤ ሶፍትዌሩ ያልፋቸዋል፣ ሰው ያነባቸዋል። «ር ድምፅ አላት፤ የመዘምራኑ መሪ እንዲህ ታዘምራለች» ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ መዘምራን ሲወስዱት መስመሩን አይተው «ር»ን ዝም ያሰኟታል፣ ወይም እንዳለች ይተዋታል።