የማይታየው ካሬ

ከሚሴ ውስጥ ቤት ሊያድስ ያሰበ ሰው ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ "ካሬውን በስንት ትሠራለህ?" በጥያቄው አልቀየምም፤ እኔም የምበላው በካሬ ነው። ችግሩ ካሬ የሚለካው ላይ ላዩን መሆኑ ነው። አንጣፊ የሚከፈለው ዓይን ለሚያየው ሴራሚክ ነው፤ ወለሉን የሚያቆየው ግን ከሥሩ ያለው አፈር፣ ገረጋንቲ፣ ድንጋይና ኮንክሪት ነው። ስለማይታየው ነገር ላለማውራት ሁለታችንም የየራሳችን ምክንያት አለን። ባለቤቱ ወጪው እንዳይበዛበት ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ሥራው እንዳያመልጠኝ።

በዞናችን፣ ከባቲ እስከ ሰንበቴ፣ ብዙ ቤት የሚታደሰው ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ነው። ልጅቷ ሳዑዲ በሰው ቤት ስትሠራ በየቀኑ የምታጸዳውን ወለል ታውቀዋለች፤ ነጭ ነው፣ ፊት ያሳያል፣ መገጣጠሚያው አይለይም። ፎቶውን አንስታ ለአባቷ ትልካለች። አባትየው ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው "ልጄ፣ እንዲህ አድርግልኝ" ይሉኛል። "ያምራል ሐጂ፤ መጀመሪያ ግን ጓሮዎን ልይ" ስላቸው ግራ ይገባቸዋል። ለሳሎን የተጠራ ሰው ጓሮ ምን ይሠራል?

አንድ ግንቦት እንዲህ ያለ ጓሮ ገባሁ። ጥቁሩ አፈር ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። የሽማግሌውን ከዘራ ተቀብዬ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ሰደድኳት፤ ክንድ ያህል ወረደች። "ሳሎንዎ ሥር ያለውም ይኸው ነው" አልኳቸው። ከዘራዋን ዝም ብለው አዩና "እኔ እኮ የአይጥ ጉድጓድ ይመስለኝ ነበር" አሉ።

ከሚሴ ያለችው በቦርከና ሸለቆ ነው። ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚሄድ ወንዝ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ለማሽላና ለጤፍ የታደለ ነው፤ ለቤት ግን ክፉ ነው። ይህ ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። እብጠቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ቤቱ ባንድነት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እኩል ግን አይደለም። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር የጣሪያውን ውሃ ሲጠጣ፣ ሳሎኑ መሐል ሥር ያለው እንደደረቀ ይቆያል። ስለዚህ ክረምት የወለሉ ዳር ዳር ይነሳል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ይወርዳል። ጥቂት ክረምት እንዲህ የተነቃነቀ ወለል ላይ የሚነጠፍ ሴራሚክ የጣልያንም ሆነ የቻይና ለውጥ የለውም።

ቤቱ አዲስ ከሆነ መልሱ ይታወቃል። ጥቁሩን አፈር ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ አቅም ካለም ከዚያ በላይ ቆርጦ ማውጣት፤ በምትኩ ገረጋንቲ በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር እየደለደሉና ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፤ ከዚያ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ መደርደር፤ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ማፍሰስ። ሰው የሚኖርበትን ቤት ግን ከሥሩ ነቅሎ መጀመር ለብዙ ሰው አይቻልም። እዚያ የምመክረው አፈሩን መለወጥ ትቶ ውሃውን መቆጣጠር ነው። አሸንዳ ይሰቀል፤ ውሃው በቱቦ ከቤቱ ይራቅ። በዙሪያው ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ማርሻፔዴ ይሠራ። ግድግዳውን ተጠግቶ የበቀለ ባሕር ዛፍ ካለ ይነሳ፤ ሥሩ አፈሩን ባንድ ወገን እየመጠጠ ያደርቀዋልና። ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከሳሎኑ ፖርስሊን ዋጋ አይበልጥም። ፎቶ ላይ ግን አይደምቅም።

"ሊሾው ላይ ሴራሚክ ይነጠፍልኝ" የሚል ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ስንጥቁን ነው። ጣቴን በስንጥቁ ላይ አሻግሬ እጎትታለሁ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ፣ ስንጥቁም እንደ ፀጉር ቀጭን ከሆነ፣ ሊሾው ሲደርቅ የተኮማተረ ነው፤ አያሰጋም። ጣቴ አንዱ ወገን ላይ ከተሰናከለ ግን ከሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሴራሚክ መንካት የለበትም። ቀጥሎ በመዶሻ እጀታ አንኳኳለሁ፤ ባዶ የሚል ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ሁሉ ይፈነቀላል። በመጨረሻ ከአንድ ክንድ የማያንስ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽገዋለሁ፤ ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ወይም ሊሾው ከጠቆረ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው። ይህ ምርመራ አንድ ብር አያስወጣም፤ የሚጠይቀው አንድ ሌሊት መታገሥ ብቻ ነው።

የጭቃ ቤት ሲሆን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በእበት የሚለቀለቀው የአያቶቻችን ወለል ኋላ ቀር ይመስለናል እንጂ የራሱ ብልሃት ነበረው። የመሬቱ እርጥበት በወለሉ በኩል ተነፍሶ ይወጣል፤ ሲጎዳም የቤቱ እመቤት በራሷ እጅ ታድሰዋለች። ያንን ወለል በኮንክሪትና በሴራሚክ ስንደፍነው እርጥበቱ ሌላ መውጫ ይፈልግና በግድግዳው እግር ይወጣል። ከዚያ ምርጊቱ ይፈረፈራል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። ወለሉ ከፍ ሲል ደግሞ የእንጨቱ ታችኛው ክፍል ከማይታይበት ይቀበራል። የጭቃ ቤት ኖሮት ሴራሚክ ለሚመኝ ሰው የምመክረው መጀመሪያ የግድግዳውን እግር በድንጋይ እንዲያስደግፍ፣ የጣሪያውንም ክፈፍ እንዲያስረዝም ነው። ለዚያ የማይበቃ ገንዘብ ከሆነ ያለው፣ ወለሉን እንዳለ ትቶ ጣሪያውን ቢጠግን ይሻለዋል። እንዲህ ስመክር ሥራው እንደሚያመልጠኝ አውቃለሁ።

ወደ ሴራሚኩ ስንመጣ ትልቁ ጣጣ አዲሱን ዕቃ በድሮው ዘዴ መለጠፍ ነው። የለመድነው ሴራሚክ ጀርባው ውሃ ይጠጣል፤ በርሜል ውስጥ ነክረን በሲሚንቶ ቡኬት እንለጥፈው ነበር፣ ይይዛልም። ከዓረብ አገር በፎቶ የሚመጣው ፖርስሊን ግን የሚጠጣው ውሃ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የምንነክረውም በከንቱ ነው። ለሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። ማጣበቂያውም ጥርስ ባለው መለሰኛ ወለሉን ሁሉ እንዲሸፍን ይቀባል፤ ሰሌዳው ትልቅ ከሆነ ጀርባውም ይቀባል። አራቱ ማዕዘንና መሐሉ ላይ ቡኬት ጣል ጣል አድርጎ መጫን ፈጣን ነው፤ ከላይ ሲያዩትም ልዩነት የለውም። ቁም ሳጥን ተገፍቶ እግሩ ባዶው ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው ልዩነቱ የሚታወቀው። አንጣፊው በዚያን ጊዜ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ግድግዳውን ታክኮ የጣት ስፋት የማይሞላ ክፍተትም መተው አለበት፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ወለሉ በቆላው ሙቀት ሲለጠጥ መሄጃ ካጣ መሐል ላይ ተነስቶ ይፈነዳል።

አሸዋውንም ማየት ያስፈልጋል። ከወንዝ የሚመጣ አሸዋ ጭቃ ይዞ ይመጣል። እፍኝ አሸዋ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር መትቶ ማሳደር ነው፤ ጠዋት አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይታያል። ደለሉ ከመቶ 6 እጅ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ከዕቃው እኩል የሚያሳስበኝ ወለሉ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። በኛ ቤት ሰው በባዶ እግሩ ይገባል፤ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ይሰግዳል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ይደረጋል፤ ከመታጠቢያው እስከ መስገጃው ድረስ እርጥብ እግር ይመላለሳል። ፊት የሚያሳየው ፖርስሊን ውሃ ሲነካው ወጣቱን ያንሸራትታል፤ የአዛውንቱን ዳሌ ይሰብራል። ስለዚህ ለመታጠቢያው፣ ለኮሪደሩና ለበረንዳው ሻካራውን ምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ለእንግዳ ሳሎን ይሁን። መታጠቢያ ቤቱ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ያህል ወደ መፍሰሻው ያዘንብል። ቡና ደግሞ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚፈላበት አገር ነው፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ ፍም ሲወድቅበት ይቀልጣል። አቅሙ ለሴራሚክ ካልደረሰ፣ በደንብ ተመዝኖ የተሠራና ውሃ የጠገበ ሊሾ የሚያሳፍር አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ይጠረጋል፣ ሲጎዳም ይጠገናል።

ወለል ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ "ይቺን ግድግዳ አንሳትና ሳሎኑ ይስፋልኝ።" ይህን በእጄ አልነካም። የቦርከና ሸለቆ ራሱ በመሬት ስብራት የተፈጠረ ነው። በ1953 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ የትኛው ግድግዳ ጣሪያ እንደተሸከመ ሳያውቁ ማፍረስ ድፍረት ነው። የሕንፃ ሕጉ ነባር ቤት ለመለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ማዘጋጃ ቤት መመላለሱን እንደ እንግልት ብቻ ያየዋል፤ ግድግዳ ለማንሳት ከሆነ ግን መሐንዲስ ዓይን የሚያርፍበት ብቸኛው አጋጣሚ እሱ ሊሆን ይችላል።

የጥድፊያ ነገር ደግሞ አለ፤ ረመዳን ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። "ዒድ ሳይደርስ አድርስልኝ፤ እንግዳ አለብኝ።" ኮንክሪት ግን የዒድ ጨረቃ አይጠብቅም፣ የራሱ ጊዜ አለው። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው ደግሞ በ28 ቀኑ ነው። በከሚሴ ፀሐይና ነፋስ በጠዋት የፈሰሰ ወለል ቀትር ላይ ፊቱ ይደርቃል፤ የደረቀ ስለመሰለ ብቻ የጠነከረ አይደለም። እርጥብ ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ማጠጣት የቤተሰቡ ድርሻ ነው፤ ይህን ሥራ አንጣፊ አይሠራላችሁም። ከዒድ ጋር ሩጫ ከገጠማችሁ ግድግዳውን ቀለም ቀቡ፣ ወለሉን ከበዓሉ በኋላ ሥሩት። እንግዳ በንጹሕ ሊሾ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶለት ቢቀመጥ ዒዱ አይጎድልም።

በካሬ እስከተከፈልኩ ድረስ የኔ ጥቅምና የቤቱ ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይሆንም፤ ይህን በጥሩ ጠባይ ብቻ ማስተካከል አይቻልም። ፈጥኜ በሸፈንኩ ቁጥር ብዙ አገኛለሁ። ስለዚህ ዋጋ ስሰጥ ሁለት አድርጌ እጽፋለሁ፤ አንዱ ለማይታየው ነው፤ ለቁፋሮው፣ ለገረጋንቲው፣ ለድንጋዩ፣ ለኮንክሪቱና ለቱቦው። ሌላው ለሚታየው ነው። የመጀመሪያው ሒሳብ የሚከፈለኝ እያንዳንዱ ድርብርብ ሜትር ተይዞበት ፎቶ ከተነሳና ፎቶው ገንዘቡን ለላከችው ልጅ ከደረሰ በኋላ ነው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ድንጋዩ ፎቶ ይነሳ፤ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ውሃ ተሞልቶ ሲያድር ይነሳ፤ ከተነጠፉት ሰሌዳዎች አንዱ ትኩሱን ተፈንቅሎ ማጣበቂያው ጀርባውን ሁሉ መያዙ ይታይ። ሳዑዲ ያለችው ልጅ ከዚያ ወዲያ በቪዲዮ ስትደውል የምታየው የሚያብረቀርቀውን ብቻ አይሆንም።

አንዳንድ ባለቤቶች "ካመንኩህ ይህ ሁሉ ለምን?" ይሉኛል። መታመኑ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሁለቱን ዋጋና ፎቶዎቹን ከማንኛውም አንጣፊ ጠይቁ፣ ከኔም ጭምር። "አያስፈልግም" የሚል አንጣፊ ካጋጠማችሁ ካሬውን በርካሽ ቢሠራም አትቸኩሉ።