ቃል የሌለው ዜማ በሲኒማ

ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ቃል የሌለው ዜማ ከንቱ ድምፅ ነው የሚሉ አይታጡም። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ከቅዱስ ያሬድ የተወረሰው ዜማ ሁሉ በቃል ላይ የቆመ ነውና። ድጓውም፥ ጾመ ድጓውም፥ ዝማሬውም፥ መዋሥዕቱም አስቀድሞ ንባብ ነው፤ ምልክቱ የሚጻፈው በንባቡ ላይ ነው። እንግዲህ ቃሉ ከሌለ ዜማው ምን ይናገራል፥ ማንንስ ያስተምራል ይላሉ። ይህ ጥያቄ ይልቁንም ስለ ሲኒማ ሙዚቃ ሊጠየቅ ይገባዋል። በፊልም ፊት የተቀመጠ ሰው ማንም ምንም ሳይነግረው ሲፈራና ሲያለቅስ ይታያልና፤ ያስፈራውና ያስለቀሰውም ብዙ ጊዜ በዐይኑ ካየው ይልቅ በጆሮው የሰማው ነው።

ዜማ ያለ ቃል ልብን እንደሚነካ ማስረጃውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ክፉ መንፈስ ሳኦልን ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገናውን ይዞ በእጁ ይደረድርለት እንደ ነበረ፥ ሳኦልም ያርፍ እንደ ነበረ፥ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ተጽፏል። መጽሐፉ የእጁን መደርደር ይናገራል እንጂ በዚያች ሰዓት ከአፉ ምን ቃል እንደ ወጣ አይናገርም። ደግሞም ዐቢይ ጾም ገብቶ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ባሉ ጊዜ፥ ምእመኑ ወራቱ የንስሐ ወራት መሆኑን ከስብከቱ አስቀድሞ በጆሮው ያውቀዋል። ስለዚህ ድምፁ ብቻ ሳይሆን የድምፁም መታጣት ይናገራል ማለት ነው።

ነገር ግን የሚናገረው ምንድር ነው? ዜማ ብቻውን «እገሌ ሞተ» ብሎ ማርዳት አይችልም። የሞቱን ሰው ስም፥ የሞተበትንም ቀን አያውቅም። ሞት በልብ ላይ የሚጥለውን ክብደት ግን ያውቃል። በሲኒማ ይህ ጐደሎው በሥዕሉ ይሞላል፤ ሥዕሉ ነገሩን ይሰይማል፥ ዜማው የልቡን ሁኔታ ያመጣል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ሥዕሉ ሰም ነው፥ ዜማው ወርቅ ነው፥ ሁለቱን የሚያገናኛቸውም ሰሚው ራሱ ነው። እንግዲያውስ የቅኔው ሕግ ለዚህም ይሠራል። ሰሙና ወርቁ አንድ የሆነ ቅኔ ቅኔ እንዳይባል፥ ሥዕሉ ያሳየውን መልሶ የሚናገር ዜማም የሲኒማ ሙዚቃ ሊባል አይገባውም። ሴት ባለቀሰች ቍጥር ቫዮሊን አብሮ የሚያለቅስበት ፊልም ለሰሚው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይነግረዋል፤ እርሱ ግን የሚፈታው ነገር አልተተወለትምና ልቡ ቀዝቅዞ ይወጣል።

ሥዕሉ ያላሳየውን የሚናገር ዜማ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማየት «ጆውስ» የተባለው በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፊልም ይበቃል። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊልያምስ ነው። በባሕር ውስጥ ሰው የሚበላውን ሻርክ የሚያስታውቀው ዜማ በሁለት ድምፅ ብቻ የተሠራ ነው፤ አዘጋጁ ስቲቨን ስፒልበርግም መጀመሪያ ሲሰማው ቀልድ መስሎት ሥቋል። ሰው ሠራሹ ሻርክ በባሕር ላይ እየተበላሸ ስላስቸገረ አውሬው በፊልሙ ብዙ ክፍል አይታይም፤ በእርሱ ፈንታ የሚመጡት ሁለቱ ድምፆች ናቸው፥ ሲዘገዩ ሩቅ፥ ሲፋጠኑ ቅርብ መሆኑን እያስታወቁ። ሁለት ልጆች የውሸት ክንፍ በውሃ ላይ አንሳፈው ሕዝቡን ባሸበሩ ጊዜ ግን ዜማው ዝም ይላል፤ ልብ ብሎ የሰማ ሰው ሻርኩ እንደሌለ ከዋናተኞቹ በፊት ያውቃል። ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ማጠሩ ግን አያሳንሰውም።

ከዚህ በፊት በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሳይኮ» በተባለው ፊልም፥ አንዲት ሴት በመታጠቢያ ቤት ስትገደል የሚታይበት ስፍራ አለ። አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ ያ ስፍራ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን በአውታር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮኽ ዜማ ጻፈለት፤ ሂችኮክም በሰማው ጊዜ ሐሳቡን ለወጠ። እነዚህ ሁለቱ ሥራዎች ያለ ጥርጥር የጥበበኞች ሥራዎች ናቸው። ሆኖም የሚቀሰቅሱት ፍርሃትን ነው። ፍርሃት ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ነገር ነውና፥ ድንገተኛ ጩኸት ሕፃንንም እንስሳንም ያስደነግጣል። ትዕግሥትን፥ ናፍቆትን፥ የተሰወረ ኀዘንን ያለ ቃል ማሰማት ከዚህ ይልቅ ይከብዳል።

ለዚህ ለከባዱ ነገር ምሳሌ የሚሆነው ዜማ የተገኘው ከአንዲት ኢትዮጵያዊት መነኵሲት እጅ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያ በኋላ ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ፥ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ጐንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፥ ማደሪያ አጥተው በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚተኙትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ልባቸው ተነካ፤ በጀርመን አገር የሙዚቃ ሸክላ ያሳተሙትም ለችግረኞች ገንዘብ ለማግኘት ነበር። የመጨረሻ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም አሳልፈው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኖአቸው ቃል የለውም። የአገሩን ቅኝት ከአውሮፓ ትምህርት ጋራ አስማምቶ፥ በምት ልክ ሳይታሰር፥ አሁን ይዘገያል፥ አሁን ይፈጥናል፤ ሰው ብቻውን ሲያስብ እንደሚሆነው ነው።

ይህ ፒያኖ ለሲኒማ ተብሎ ያልተደረሰ ሲሆን በተከታታይ ዓመታት በሁለት የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ተሰማ። የመጀመሪያው ጋሬት ብራድሊ የሠራችው፥ «ታይም» የተባለው የ2020 እ.ኤ.አ. እውነተኛ ታሪክ ነው። በጦር መሣሪያ ዝርፊያ ምክንያት 60 ዓመት የተፈረደበትን ባሏን 20 ዓመት ያህል የጠበቀች፥ ልጆቿንም ያሳደገች የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ ነው። ሴቲቱ ራሷ በየጊዜው የቀረጸቻቸው የቤት ሥዕሎች ከአዲሶቹ ጋራ ተቀላቅለው ሲያልፉ፥ ልጆቹ በቅጽበት አድገው ይታያሉ። በዚያ ላይ ሌላ ደራሲ ቢሆን የሚያስለቅስ ነገር በጨመረ ነበር። የእማሆይ ፒያኖ ግን ለማንም አያለቅስም፤ መንገዱን ይሄዳል። ሰሚውም ጊዜ ለሰው ሳይራራ እንደሚያልፍ፥ ሴቲቱ ግን እንዳልተሸነፈች ከዚያ ይረዳል።

ሁለተኛው በ2021 እ.ኤ.አ. ሬቤካ ሆል ያዘጋጀችው «ፓሲንግ» ነው፤ ኔላ ላርሰን በ1929 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በኒው ዮርክ ሁለት የቀድሞ ወዳጆች ይገናኛሉ፤ አንዲቱ ከጥቁር ዘር መወለዷን ሰውራ፥ ጥቁርን የሚጠላ ነጭ አግብታ ትኖራለች። በዚህ ፊልም ተደጋግሞ የሚመጣው የእማሆይ ዜማ ስሙ «ማደሪያ የሌለው መንገደኛ» የሚል ትርጓሜ አለው። ሴቶቹ ባማረ ቤት ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ሥዕሉ ምንም ችግር አያሳይም፤ ማደሪያ እንደሌላቸው የሚናገረው ፒያኖው ብቻ ነው። ይህ ውስጠ ወይራ ነው። ነቀፋም ቢፈለግ አይታጣም፤ ዜማው እጅግ ስለ ተደጋገመ፥ ወደ ፍጻሜው ሲደረስ ሰሚው መፍታቱን ትቶ እንደ ደወል ይጠብቀው ጀምሯል። ወርቅም ቢሆን በየቤቱ ከተደገመ ሰም ይሆናል።

እዚህ ላይ የገዳም ሰው ዜማ በዓለማዊ ፊልም መግባቱ ተገቢ ነውን የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ በእርግጥ ያሳስባል። ቃል ያለው ዜማ ያለ ስፍራው ቢወሰድ ቃሉ ራሱ ይከራከራል፤ ቃል የሌለው ግን ለጠራው ሁሉ ይታዘዛል፥ ለእውነትም ለሽንገላም ሊያገለግል ይችላል። በሁለቱ ፊልሞች የገባው ግን ለተጨነቁና ስማቸውን ለሰወሩ ሰዎች ነውና፥ ዜማው ከመጀመሪያ አሳቡ ርቋል ማለት አይቻልም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ብዙው ተመልካች ማን እንደ ደረሰው፥ ስለ ማንም ችግር እንደ ታተመ ሳያውቅ መስማቱ ነው።

ስለዚህ የዜማ መምህራንና የተማሩ ወንድሞች የሲኒማን ሙዚቃ በጅምላ ከመንቀፍ ወይም በጅምላ ከመቀበል ይልቅ፥ ቅኔ እንደሚመረመር ቢመረምሩት ይሻላል። መመርመሪያውም ረጅም አይደለም። ዜማው ሥዕሉ ያልተናገረውን ተናግሯልን? ለሰሚውስ የሚፈታው ነገር ትቶለታልን? ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሰው ዕንባውን ራሱን ይጠይቀው፤ የፈሰሰው ለዚያ በወህኒ ቤት ደጅ ለቆመው ሰው ነው፥ ወይስ ለድምፁ ጣዕም ብቻ?