የማሽኑ ድርሰትና የተማሪው ብዕር

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ በአማርኛ ጋዜጦችና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ውስጥ ሥር እየሰደደ መጥቷል። በተርጓሚ ዓይን ሲታይ ግን ስያሜው ለመሣሪያው ከሚገባው በላይ ማዕርግ ሰጥቶታል። በቋንቋችን «አስተዋለ» የሚባለው ነገርን አገላብጦ ለተመለከተ፣ ልብ ላለ፣ ከአፉ ስለሚወጣው ቃል ለሚጠየቅ ሰው ነው። ብዙ ያነበበ ሁሉ አዋቂ ሊባል ይችላል፤ አስተዋይ ለመባል ግን ሌላ ነገር ይፈለግበታል። ጉዳዩ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በተውነው ነበር። ዳሩ ግን ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አጋዥነት እናስተምር ወይስ አናስተምር እየተባለ የሚካሄደው ሙግት፣ በመሠረቱ በማወቅና በማስተዋል መካከል ስላለው ርቀት የሚደረግ ሙግት ነው።

በጅቡቲ ከተማ ሙግቱ የራሱ መልክ አለው። በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ሥርዓቱንም የጽሑፍ ወጉንም የወረሰው ከፈረንሳይ ነው። ከባልባላ ወይም ከአምቡሊ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ገበታው የሚሄደው ተማሪ እቤቱ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ፣ አንዳንዱም ዐረብኛ ወይም አማርኛ ሲናገር ያድጋል፤ ፈተናውን የሚጽፈው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ከድንበር ወዲያ ያለው ወንድሙም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠመውም። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1950 አንሥቶ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ዋና ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የአካባቢያችን ተማሪ ልብ አለውም አላለውም ብዕሩን ባነሣ ቁጥር ይተረጉማል። የጽሑፍ መምህራን ግን ይህን ትርጉም እንደ ጉድለት እንጂ እንደ ሥራ ሲቆጥሩት እምብዛም አይታይም። የሰዋስዉን ስሕተት በቀይ ያሰምሩበታል፤ ከስሕተቱ በስተጀርባ ተማሪው ምን ለማለት ሲታገል እንደነበር የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

የወረስነው ቅርጽ «ዲሴርታሲዮን» ይባላል። አንድ ሐሳብ ይቀርባል፣ ተቃራኒው ይከተላል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ይታረቃሉ። ቅርጹ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የተቃዋሚን ቃል ሳይሰሙ መፍረድን ይከለክላል። ለዓመታት ሲደጋገም ግን ወደ ቀመርነት ይወርዳል። ተማሪው «በአንድ በኩል» ብሎ ይጀምራል፣ «በሌላ በኩል» ብሎ ይቀጥላል፣ «ስለዚህ ሚዛናዊ አካሄድ ያስፈልጋል» ብሎ ይጨርሳል፤ በመካከሉ ምን እንደገባ የሚመረምር የለም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም ቢሆኑ «የችግሩ መግለጫ»ና «የጥናቱ ጠቀሜታ» በሚሉት ርእሶች ሥር የሚሰፍረው ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ ታላቅ ለታናሽ የሚያወርሰው ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሲመጣ ያገኘው ይህን የተዘጋጀ ወንበር ነው። ቀመር በመሙላት የሚወዳደረው የለም።

ይህን ለመመርመር ያህል ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱን «ጫት በጅቡቲ ኅብረተሰብ ውስጥ ያለው ሚና» በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ድርሰት አስጽፌው ነበር። እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ሥራ ሂስ ይገባዋል። ሰዋስዉ እንከን የለውም። አንቀጾቹ እንደ ወታደር ሰልፍ የተስተካከሉ ናቸው። ጫት ገቢ ያስገኛል ይላል፤ ጫት ጤናን ይጎዳል ይላል፤ ባለድርሻ አካላት ሊመካከሩ ይገባል ብሎ ያበቃል። እዚህ ከተማ አንድ ሳምንት የሰነበተ እንግዳ እንኳ የሚያውቀው ነገር ግን የለበትም። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት በቀትር ሲደርስ የሚነሣው ግርግር፣ በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚጠብቁት ሴቶች፣ ዱቤ የሚሰጠውና የሚከለከለው፣ ከቀትር በኋላ ጭር የሚለው ጎዳና፣ ይህ ሁሉ ከድርሰቱ ውጭ ቀርቷል። ሴቶቹን በሙሉ «ኢ-መደበኛ ዘርፍ» የሚል አንድ ሐረግ ውጧቸዋል። ጅቡቲ የሚለውን ስም አውጥተን የመን የሚለውን ብንተካበት ሌላ ቃል መለወጥ ከሞላ ጎደል አያስፈልግም ነበር። ለእኔ የአንድ ድርሰት ትልቁ ነቀፋ ይህ ነው፤ የቦታ ስሙን ሲለውጡበት የማይታመም ጽሑፍ ስለዚያ ቦታ አልተጻፈም።

የባሰው ማስረጃው ነው። ምንጭ እንዲጨምርበት ስጠይቀው ርእሱ ያማረ፣ የታተመበት ዓመት የተጠቀሰለት፣ ነገር ግን በየትም ፈልጌ ያላገኘሁትን መጽሐፍ አቀረበልኝ። የዚህ ዓይነቱ ፈጠራ በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ጠበቆችን አዋርዷል፤ ማሽን የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች እንደ እውነት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እዚያ ተቃራኒ ወገን አለ፣ መዝገብ የሚያገላብጥ ዳኛ አለ። ብዙ ባልተጻፈበት አገር ግን ሐሰተኛው መጽሐፍ ባዶውን መደርደሪያ ሞልቶ ይቀመጣል፤ ነገ ሌላ ተማሪ ይጠቅሰዋል፣ ከነገ ወዲያም ምንጭ ይሆናል።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቼ «ይከልከል» ከሚለው ወገን ጋር ልሰለፍ አልችልም። ክልከላው የሚያርፈው በደካማው ላይ ነው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የማሽንን ጽሑፍ ከሰው ጽሑፍ ይለያሉ የተባሉ ሰባት መፈተሻዎችን፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ሞክረዋቸው ነበር። መፈተሻዎቹ በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን ድርሰቶች የማሽን ናቸው ብለው ፈረዱ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላትና የተለመደውን አሰካክ ይመርጣል፤ መፈተሻውም መለመዱን እንደ ወንጀል ምልክት ያየዋል። ኦፕን ኤአይ ራሱ ያወጣውን መፈተሻ ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ጁላይ አንሥቶታል። የባልባላው ልጅ በራሱ ድካም የጻፈው ወረቀት በእንዲህ ያለ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ደግሞም መሣሪያው የሚሰጠው እውነተኛ እርዳታ አለ፤ ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው። ጉግል በትርጉም አገልግሎቱ ሶማሊኛን በ2013፣ አማርኛን በ2016፣ አፋርኛን በ2024 አካቷል። ጥራታቸው እኩል አይደለም፤ አማርኛው «አንቱ» ሊል በሚገባው ቦታ «አንተ» እያለ ስንቱን አዛውንት አዋርዷል። ቢሆንም ተማሪው በእናቱ ቋንቋ አስቦ፣ የጻፈው በባዕድ ቋንቋ ምን መስሎ እንደሚወጣ ወዲያው ለማየት እንዲህ ያለ ዕድል አግኝቶ አያውቅም። እንግዲያው አስቀድሞ ሐሳቡን በራሱ ቋንቋ፣ ጉድለቱ እንዳለ፣ ይጻፍ። ቀጥሎ ማሽኑ ይተርጉመው፣ ያርመውም። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የጠፋውን ይፈልግ። «እናቴ በዱቤ የሸጠችው ገንዘብ ሳይከፈላት ቀረ» ብሎ የጻፈው «የብድር አሰባሰብ ተግዳሮቶች» ሆኖ ቢመለስለት እናቱ የት እንደገባች ይጠይቅ። ተርጓሚ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ የጥናት ጽሑፍ ትምህርትም መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል። በ1965 እዚሁ ከተማ የተወለደው ዐብዱራህማን ዋቤሪ የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ግን የአገሩን ሙቀትና የዘላኑን አነጋገር የተሸከመ ነው። ከርሱ ገጾች አንዱን ለማሽን ሰጥቶ «አሻሽለው» ማለትና የተቆረጠውን መቁጠር ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ልምምድ ይወጣዋል።

ምዘናውን በተመለከተ ፓሪስን ብቻ መመልከት አይገባንም። የቅኔ ተማሪ በባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። (በነገራችን ላይ በዕለት ንግግራችን «ዘረፋ» የሰው ንብረት መንጠቅ ሲሆን በቅኔ ቤት ግን አዲስ ቅኔ ማፍለቅ ነው፤ የጽሑፍ ስርቆት በሚወራበት በዚህ ዘመን ቃሉ ሁለቱንም ፍች ይዞ መገኘቱ ያስገርማል።) ቅኔ ቤትን እንደ ገነት ላሞግስ አልፈልግም፤ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ ተርቦና ታርዞ ነው የተማረበት። ነገር ግን ድርሰቱ ከደራሲው አፍ ሳይለይ ይመዘን ነበር። ያልተረዳውን ቃል የሰነቀረ ተማሪ «ይህን ለምን አገባኸው?» ሲባል መልስ ያጣል። ለዚህ መፈተሻ ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። 60 ተማሪዎች ያሉት መምህር ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ሰጥቶ ስለ ጽሑፉ በቃል ቢጠይቀው ለአንድ ጽሑፍ ብቻ 10 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሴሚስተሩ ሦስት ጽሑፍ ቢያጽፍ 30 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰዓት እንደ ማስተማር ተቆጥሮ ካልተከፈለበት መምህሩ ራሱ የወረቀቱን ክምር ለማሽኑ አስረክቦ ይገላገላል፣ ማሽን የጻፈውንም ማሽን ያርመዋል። ስለ መሣሪያው መመሪያ ለማውጣት የሚሰበሰቡ ኮሚቴዎች ስለ ፈቃድና ክልከላ ከመነጋገራቸው በፊት ይህን ሂሳብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢያሰፍሩት፣ ከአጠገቡም ገንዘቡ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ቢጽፉበት እወዳለሁ።