የልብ መስመርና የሯጮቻችን ልክ፤ ስለ አንድ መመሪያ የቀረበ ሒስ
በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡትን ወጣቶች ያየ ሰው ልባቸውን አይጠረጥርም። ሆኖም የካሜሩኑ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. በ2003 በሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ በሞተ ጊዜ፤ ሐኪሞች አስከሬኑን መርምረው የልቡ ጡንቻ ወፍሮ አገኙት። ይህን ደዌ እንግሊዛዊው ሐኪም ዶናልድ ቲር እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፎበታል። ከ500 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል፤ አብዛኛውንም ጊዜ በዘር ይወረሳል። ከወላጆች አንዱ የተበላሸውን ዘር ከያዘ፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

የምንመረምረው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የስፖርተኞች ኤሌክትሮካርዲዮግራም ማንበቢያ ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው። በመጀመሪያ ምስጋና ይገባዋል። በቀድሞው ልክ የሞገዶቹ ቁመት ተደምሮ 35 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ልብ ወፍሯል ይባል ነበር፤ ነገር ግን ደረቱ የሳሳ ጤነኛ ሯጭ ይህን ቁመት ሊያሳይ ይችላል። መመሪያው ቁመት ብቻውን በሽታ አለመሆኑን ገልጾ፤ ጥርጣሬውን ወደሚገባው ስፍራ መልሷል፤ ይኸውም በቪ5 እና በቪ6 ወደ ታች ወደ ተገለበጠው የቲ ሞገድ፤ ወደ ጥልቁ የኪው ሞገድና ዝቅ ወዳለው የኤስቲ መስመር ነው።

የምንነቅፈው «ጥቁር ስፖርተኛ» የሚለውን ክፍል ነው። ለዚህ ክፍል ከቪ1 እስከ ቪ4 የቲ ሞገድ ቢገለበጥ፤ ከፊቱም የኤስቲ መስመር እንደ ጉልላት ከፍ ቢል፤ ጤና ነው ይላል። ለዚህ ከቀረቡት ዋና ማስረጃዎች ብዙዎቹ የተሰበሰቡት በእንግሊዝና በፈረንሳይ ነው። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ተወልዶ ያደገው የረጅም ርቀት ሯጭ በቆዳው ቀለም ብቻ ከእነዚያ ጋር በአንድ ልክ ሊለካ አይገባም። ስሕተቱ በሁለት ወገን ይጎዳል፤ ጤነኛውን ቢከለክል እንጀራውን ያሳጣዋል፤ ታማሚውን ቢያሳልፍ ሕይወቱን ያስከፍለዋል።

ደግሞም ከታማሚዎቹ ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ንጹሕ መስመር ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ወረቀቱ እንደ አንድ ምስክር ይሰማ እንጂ ብቻውን አይፍረድ። ጥርጣሬ ሲኖር የልብ አልትራሳውንድ ይከተል፤ ከሁሉ በፊት ግን «ከቤተ ዘመድህ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም። የአገራችንን ሯጮች መስመር እየሰበሰቡ የራሳችንን ልክ ማውጣት ግን ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የቀረበ ሥራ ነው።